ከስም ኋላ ያለ ቦታ

«ሲስተሙ እምቢ አለ» ሲባል ከሰማሁ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ባንክ ተሰልፌ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ቆሜ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄጄ ስሰማው ዝም ብዬ አልመለስም፤ «የቱ ጋ ሲደርስ ነው እምቢ ያለው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሠራተኞቹ እብድ ናት ብለው ያዩኛል። ይዩኝ። እንዲህ ያደረገኝ ነገር የደረሰው መካነ ሰላም ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ከማግስቱ ጠዋት ጋር ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ካነሳሁት አይቀር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ስሜ ሰዓዳ ነው፣ የከላላ ልጅ ነኝ። አባቴ ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው ነው። ልጁ ኮምፒውተር ተምራ መምጣቷን ለሰው ሲናገር መካኒክ ሆነች የሚል ይመስል ነበር፤ ጥቅሙን ያምናል፣ ግን የሴት ልጅ እጅ ያቆሽሻል ብሎ ይሰጋል። የተመደብኩት መካነ ሰላም ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የገበሬውን መሬት መዝግቦ የይዞታ ደብተር የሚሰጥ ክፍል እንደነበረው ማወቁ ይበቃችኋል። የሥራ መደቤ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ይላል። ሥራዬ ግን ፕሪንተሩ ወረቀት ሲይዝ ማላቀቅ፣ ለሪፖርት በሚቀርበው ስላይድ ላይ አበባ ማስገባትና ለኃላፊያችን ለአቶ በላቸው ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ነበር።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ተሰብስበን፣ ትናንት ምን እንዳልሠራን እንነጋገራለን፤ ስንነጋገር ይረፍድና ዛሬም ሳንሠራ እንውላለን። ለማንኛውም ጉድለት ደግሞ ከሦስት ምክንያት ውጭ አይፈቀድም ነበር፤ ወይ የአመለካከት ችግር ነው፣ ወይ የክህሎት፣ ወይ የግብዓት። የፕሪንተሩ ቀለም ሲያልቅ እንኳ ግብዓት ነው ተብሎ በቀላሉ አይታለፍም፤ መጀመሪያ ከቀለሙ አጠቃቀም ጀርባ ምን ዓይነት አመለካከት እንዳለ ይፈተሻል። አቶ በላቸው በዚህ የተካነ ሰው ነበር። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሰውየውን ቀና ብሎ በማየት ብቻ ያውቅ ነበር።

የመሬት ምዝገባውን ሲስተም የሠራልን አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ነው። ልጆቹ ጥቁር መነጽራቸውን ሳያወልቁ አሠለጠኑን፤ ያልገባንን ስንጠይቅ «እሱ ማኑዋሉ ላይ አለ» ይሉናል፤ ማኑዋል የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ሲስተሙ በሁለት ቦታ ይኖራል። አንዱ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ጸሐፊው ስም የሚያስገባበት ፕሮግራም ነው። ዋናው ፕሮግራም ግን ደሴ ተቀምጦ፣ ከኛም ከወረኢሉም ከከላላም ከአጅባርም በመስመር የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ይመልሳል።

ጥቂት ወራት እንደሠራ አንዳንድ መዝገብ አልከፈት አለ። ጸሐፊው ስሙን ፈልገው ሲጫኑት መስኮቱ ትንሽ ያመነታና ብን ብሎ ይጠፋል። የሌላው ሰው ያለ ችግር ይከፈታል፤ የእነዚያ ግን መቶ ጊዜ ቢሞከር ያው ነው። አብዛኞቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ነበሩ። ወደ ኩባንያው ስደውል «አጥፍታችሁ አብሩት» አሉኝ። አጥፍተን አበራነው። እንደገና ስደውል «ችግሩ ከተጠቃሚው ነው» አሉና ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበሉት፤ ሌላውም ሰው አጥፍታችሁ አብሩት አለኝ።

አቶ በላቸው ነገሩን በግምገማ ፈታው። ሲስተሙ አልተበላሸም፣ እንዲያውም ከተጠበቀው በላይ እየሠራ ነው፣ አጠራጣሪ ይዞታዎችን በራሱ ጊዜ እየለየ ማውጣት ጀምሯል አለ። ተጨበጨበለት። በማግስቱ በራችን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሲስተሙ የተቀበላቸው ባለይዞታዎች ደብተራቸውን ወዲያውኑ እንዲወስዱ፣ ያልተቀበላቸው ግን ከቀበሌያቸው የንጽሕና ማረጋገጫ እንዲያመጡ ይላል። ቀበሌዎቹ ደግሞ ኮምፒውተር የጣለውን እኛ በምን ሥልጣን እናነሳለን ብለው መለሷቸው። ሳይውል ሳያድር ገበያው ውስጥ «ኮምፒውተር የጣላት» የሚል ስድብ ተፈጠረ።

እትዬ ዘሀራ ከተጣሉት አንዷ ናቸው። ባላቸው እንድሪስ መሐመድአሚን የሞቱት በቅርቡ ነው፤ አንዲት ልጃቸው ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላ ሰው የላቸውም። ሐዘኑ ሳይወጣ የባላቸው ወንድም ሰይድ፣ መሬቱ የአባቴ ነው፣ ሴትዮዋ ይዞታ የላትም ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ዳኛው ደብተር ያምጡ አሏቸው። ደብተሩ ያለው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ መዝገቡ ካልተከፈተ አይታተምም። ቀጠሮው አንዴም ሁለቴም ተራዘመላቸው፤ በመጨረሻ ዳኛው ከዚህ ወዲያ አላራዝምም፣ ካልቀረበ ያለ ደብተሩ እወስናለሁ አሉ። ያ የመጨረሻው ቀጠሮ የምነግራችሁ ቀን ማግስት ጠዋት ነበር። ደብተሩ ካልተያዘ እርሻውም ቤቱም ለሰይድ ነው።

በዋዜማው ጠዋት ሥራ ስገባ እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው ላልፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሰዓዳ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በአላህ አትደብቂኝ» አሉ። «ይሄ ዕቃ ምኔን አይቶ ነው የጠላኝ?»

«ምንም አላየም እትዬ፣ ዕቃ እኮ ነው።»

«ወላሂ የሰው ሐቅ አልነካሁም። ግን ሰው ራሱን አያውቅም። ተኝቼ ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁትን ሳስብ አድራለሁ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ዶሮ እኛ ቤት እንቁላል ጥላ ዝም ብያለሁ። እሱ ይሆን?»

ልስቅ አልቻልኩም። ያናደደኝ አቶ በላቸው ብቻ አልነበረም። አንዲት ንጹሕ ሴት፣ የአዲስ አበባ ልጆች ዝርክርክ አድርገው በሠሩት ነገር የተነሳ፣ ራሷን ከዶሮ እንቁላል ጀምራ ስትመረምር ማየቱ ነው አንጀቴን ያቃጠለው። «ያብሽሩ እትዬ፣ ዛሬ እሱን ራሱን ነው የምመረምርልዎት» ብያቸው ገባሁ።

የፕሮግራም ስህተት የሚፈለግበት፣ ዲበገር የሚባል መሣሪያ አለ። እኔ የምወደው ሥዕል የሌለውን፣ የሚጫኑት ቁልፍ የሌለውን፣ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያዙትን ነው። ይህ መሣሪያ እየሠራ ያለን ፕሮግራም ባለበት ይይዘዋል። ከያዘው በኋላ ፕሮግራሙ እናንተ ቀጥል ሳትሉት አንዲት እርምጃ አይራመድም፤ የት እንደደረሰ፣ በየት በየት አልፎ እዚያ እንደደረሰ፣ በእጁ ምን እንደያዘ ትጠይቁታላችሁ፣ ይናገራል። የምታነክስ በቅሎ መንገድ ላይ አቁማችሁ ኮቴዋን አንስታችሁ እንደማየት ነው፤ ጋጣ ውስጥ ቆማ ብታዩዋት ምንም አይገኝባትም።

መጀመሪያ የያዝኩት እኛው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፕሮግራም ነው። ስም የሚያስገቡት ጋሽ ጌታቸው ይባላሉ፤ ከታይፕ ዘመን ጀምሮ በጸሐፊነት የኖሩ፣ ሸበቶ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። የእትዬ ዘሀራን መዝገብ እንዲከፍቱልኝ ነገርኳቸውና እኔ በጥቁሩ ገጽ ፕሮግራሙን ደረጃ በደረጃ ተከተልኩት። ስሙን ተቀበለ፣ ጥያቄውን አዘጋጀ፣ ወደ ደሴ ላከ፣ መልስ ሊጠብቅ ቆመ። መልስ ግን አልመጣም፤ ከወዲያ በኩል መስመሩ ተቆረጠበትና ደንግጦ ራሱን ዘጋ። የኛው ፕሮግራም ንጹሕ ነበር። የሚሞተው ደሴ ያለው ነው፤ ደሴ ያሉት ግን አላወቁም፤ ዋናው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ሲሞት ግንዱ ምንም እንዳልሆነ ሌላውን ማስተናገዱን ይቀጥላል።

ዲበገር በሩቅ ያለ ፕሮግራምም ይይዛል። ለዚያ ግን እዚያኛው ማሽን ላይ አንድ ትንሽ ረዳት ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ረዳቱ ፕሮግራሙን ይዞ መስመሩ ላይ ይጠብቃል፣ እኔ መካነ ሰላም ሆኜ የማዘውን እሱ ደሴ ላይ ይፈጽማል። ደሴ የክፍል ጓደኛዬ ሀያት ትሠራ ነበር። ደወልኩላት። ሰዓዳ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው አለች፣ የኔን አለቆች አታውቂያቸውም አለች። የእትዬ ዘሀራን ነገር ስነግራት ግን አለቆቿ በሙሉ ስብሰባ መግባታቸውን፣ ምሳም እዚያው እንደሚበሉ አስታወሰች። በዚያ ዘመን ስብሰባ ባይኖር ኖሮ ምንም ሥራ አይሠራም ነበር፤ አለቃ ሲሰበሰብ ነው ባለሙያ እጁን የሚፈታው።

አደጋውን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እኔ ስይዘው የደሴው ፕሮግራም ከነግንዱ ይቆማል። እኔ እስክለቀው ድረስ የወረኢሉም የከላላም የአጅባርም ሰው መስኮቱ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። መስመራችን ደግሞ ደመና ሲያይ የሚቋረጥ ነው። እኔ ይዤው ሳለ ቢቋረጥ ረዳቱ እኔን ሲጠብቅ፣ ፕሮግራሙ ረዳቱን ሲጠብቅ ሁሉም ደርቆ ይቀራል፤ ጥፋተኛዋ ሀያት ትሆናለች። እሷ ግን ረዳቱን አስነሳችልኝ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ያዝኩ በይኝ፣ ለቀቅኩ በይኝ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ያዝኩት። ኩባንያው ሲያስረክብ የፕሮግራሙን የውስጥ ጽሑፍ ደሴው ማሽን ላይ ረስቶት ሄዶ ነበር፤ በሌላ ቀን የምንስቅበት ዝርክርክነት ያን ቀን በጀኝ፣ እያንዳንዱ መስመር ይታየኛል። ቀጥል አልኩት። ጋሽ ጌታቸው መዝገቡን ተጫኑ። ወዲያው ጥቁሩ ገጽ ላይ መልእክት መጣ፤ ፕሮግራሙ ሊሞት ሲል ተይዟል። ምን እየፈለግህ ነው አልኩት። የሚስቲቱን መለያ ቁጥር ይዞ ሴትዮዋን እየፈለገ ነው። ቁጥሩን አሳየኝ አልኩት። ያሳየኝ ቁጥር እንኳን በወረዳችን በአገሩም ያን ያህል ሰው የሌለበት፣ ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የተቀመጠው የባልየው ስም ነበርና እሱንም አሳየኝ አልኩት። ስሙ እንዲህ ይላል፦ እንድሪስ መሐመድአሚን አላህ በጀነት ያኑረው።

ያን የማይረባ ቁጥር ወደ ፊደል ስመልሰው «ረው» ሆነ። የዱዓው ጭራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው ለስም ብሎ የመደባት ቦታ ጠባብ ናት፤ በዚያ ላይ የኛ አንድ ፊደል የላቲኑን ሦስት ቦታ ይይዛል። ስሙ ቦታው ላይ ሲገለበጥ ልክ አለፈ ብሎ የሚያቆመው ማንም አልነበረም፤ ዱዓው ሞልቶ ፈሶ ቀጥሎ ያለውን የሚስቲቱን ቁጥር ደፈጠጠው። ፕሮግራሙ የእትዬ ዘሀራን ቁጥር ሊያነብ ሄዶ ለባላቸው የተለመነውን ጀነት አነበበ፤ እንዲህ የምትባል ሴት አጥቶ ሞተ። የኩባንያው ልጆች ሲስተሙን የሞከሩት አበበ ከበደ በሚል ስም ነው፣ ሥልጠናው ላይ አይተናል። ለእነሱ በዚህ አገር የሚኖረው አበበ ከበደ ብቻ ነው፤ አበበ ከበደ ደግሞ አይሞትም።

የያዝኩትን ቅርንጫፍ ለቅቄ እንዲሞት ተውኩት፣ ሌላው ሥራ ቀጠለ። ወደ ጋሽ ጌታቸው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ዱዓ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ» አሉ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «የሞተን ሰው ስም ባዶውን እንዴት እጽፋለሁ? እንደ ከብት?»

«ለሁሉም?»

«ለክርስቲያኑ ነፍሱን በገነት ያኑራት እላለሁ፣ ለእስላሙም እንደ ወጉ።»

«እርስዎ ክርስቲያን ሆነው የእስላሙን...»

«እስላሙስ አልሞተም?» አሉኝ።

ሚስጥሩ ሁሉ ይህ ነበር። ስማቸው አጭር የሆነ ሟቾች ከነዱዓቸው ቦታው በቅቷቸው አልፈዋል፤ ስማቸው ረዘም ያለው ሚስቶቻቸውን አስጣሉ። አቶ በላቸው በዚህ ላይ ነው ሳይንሱን የገነባው።

ዱዓውን ከመዝገቡ አጥፍቶ መገላገል ነበረ ትሉኝ ይሆናል። እንዲጠፋ መዝገቡ መከፈት አለበት፣ ሲከፈት ይሞታል። ደሴ ያለውን መረጃ በቀጥታ ለመንካት ደግሞ ከኩባንያው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው አጥፍታችሁ አብሩት ብሎ ይመልሳል። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ፕሮግራሙን ስሙን ሊገለብጥ ሲል፣ ገና ሳያፈስ ማቆም፤ በያዘው ስም ላይ ዱዓውን በእጄ መቁረጥ፤ ከዚያ ቀጥል ማለት። መዝገቡ አንዴ ከተከፈተ ይስተካከላል፣ ደብተሩም ይታተማል። ለሀያት በስልኩ እንደገና ልይዘው ነው አልኳት። ቶሎ በይ፣ ከወረኢሉ እየደወሉ ነው አለችኝ።

ስሙ የሚገለበጥበት መስመር ላይ ሲደርስ ቁም ብዬ አዘዝኩ። ጋሽ ጌታቸው ተጫኑ። ቆመ። ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተበርግዶ አቶ በላቸው ገባ፤ ስልኩ በአንድ እጁ ነው። አጅባር ቆመብን ይላሉ፣ ከላላ ቆመብን ይላሉ፣ ምን ነካክተሽ ነው አለኝ። ስህተቱን አግኝቼዋለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ አልኩት። ማን ፈቀደልሽ አለ። ይህ ሲስተሙን የማጥቃት ተግባር ነው አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመስመሩን ገመድ ያዘ።

«ቢነቅሉት ደሴ እንደቆመ ይቀራል» አልኩት። «የሁሉም ወረዳ ሥራ ማለት ነው። ማን ነው የነቀለው ሲባል አቶ በላቸው ነው እላለሁ።»

እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ያን ሰውዬ ከየጠዋቱ ግምገማ አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ አንድም ነገር በራሱ ስም አድርጎ አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ተወስኖ ነው፣ ተገምግሞ ነው፣ አቅጣጫ ተሰጥቶ ነው። ገመዱን በቀስታ ለቀቀውና እጁን በሱሪው ጠረገ። ለመንቀልም ፈራ፣ ለመውጣትም ፈራ፣ መሐል ቤት ቆሞ ቀረ።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ እትዬ ዘሀራ ከአግዳሚው ተነስተው በሩ ላይ ቆመዋል። ትእዛዙን ጽፌ ጨርሼ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ግን መጫን አልቻልኩም። የእሳቸው ባል ነው፣ የእሳቸው ዱዓ ነው። የሼህ ልጅ ነኝ፤ የሞተን ሰው ስም እንዲህ ማራቆት በገዛ ሥልጣኔ የማደርገው ነገር አልነበረም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ከጋሽ እንድሪስ ስም ኋላ አላህ በጀነት ያኑረው የሚል አለ። ኮምፒውተሩን የገደለው እሱ ነው፣ ቦታ አይበቃውም። ካላነሳሁት ደብተሩ አይወጣም። ላንሳው?»

ስልኩ ውስጥ ሀያት ለቀቅሽው ወይ፣ ለቀቅሽው ወይ ትላለች። ውጭ ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል።

«ከወረቀቱ ነው የምታነሺው» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ «ወይስ ከሱ?»

«ከወረቀቱ ብቻ።»

«እንግዲያስ አንሺው። እኔ በአፌ እለዋለሁ።» እጃቸውን ዘረጉና «እንድሪስ፣ አላህ በጀነት ያኑርህ» አሉ።

ጋሽ ጌታቸው አሜን አሉ። ከኮሪደሩ ባለጉዳዩ ሁሉ አሚን አለ። አቶ በላቸው እንኳ ከአፉ አምልጦት አሜን ካለ በኋላ ነው መቆጣቱ ትዝ ያለው። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ዱዓው ተቆረጠ፤ ቀጥል አልኩት። በጋሽ ጌታቸው መስኮት ላይ መዝገቡ እንደማንኛውም ሰው መዝገብ ተከፈተ፤ ዘሀራ ከነቁጥራቸው፣ ከነመሬታቸው ወጡ። ፕሮግራሙን ለቀቅኩትና ለሀያት ለቅቄዋለሁ አልኳት። ስታለቅስ ይሰማኛል።

ደብተሩ ታተመ፣ ግን የኃላፊ ፊርማ ያስፈልገዋል። አቶ በላቸው ይህ ጉዳይ ከግምገማ በኋላ ይታያል ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው የራሱ ማስታወቂያ የጠቀመኝ። በሩ ላይ የለጠፉት፣ ሲስተሙ የተቀበላቸው ወዲያውኑ ይውሰዱ ይላል አልኩት፤ ይኸው ተቀበላቸው፣ እርስዎ በሲስተሙ አያምኑም እንዴ አልኩት፤ ሕዝቡ እየሰማ። እስክሪብቶውን አወጣና ፈረመ። ጋሽ ጌታቸው ማኅተም ላስደርግበት ብለው ደብተሩን ይዘው ወጡ፤ ትንሽ ቆየት ብለው መልሰው ለእትዬ ዘሀራ ሰጧቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ ችሎት ሄድኩ። ሰይድ ከፊት ተቀምጧል፣ አዲስ ጋቢ ለብሷል። ዳኛው ደብተሩን ተቀብለው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የባለይዞታዋን ስም አነበቡ፣ ቀጥለው የሟች ባል ስም እንድሪስ መሐመድአሚን አሉና ትንሽ ገታ ብለው ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። ከዚያ ያዩትን እንዳለ አነበቡት፦ «አላህ በጀነት ያኑረው።»

በብዕር የተጨመረ መሆን አለበት፤ ከሚታተመው ላይ እኔው ቆርጬዋለሁና። ያ የቆየ የታይፒስት እጅ ጽሕፈት የማን እንደሆነ ለማወቅ ማየትም አላስፈለገኝም።

ችሎቱ አሚን አለ። ሰይድም አሚን አለ፤ የእናቱ ልጅ ነው፣ ምን ይበል። ዳኛው ቀና ብለው አዩት።

«ወንድምህ ናቸው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ባለይዞታዋ አሚን ያልክላቸው ሰው ሚስት ናት ይላል ይሄ ደብተር» አሉት። ሰይድ ጋቢውን ሰበሰበና አንገቱን ደፋ። መሬቱ ለእትዬ ዘሀራ ጸና። ሲወጡ ያገኟቸውን ሁሉ ያቅፉ ነበር፤ እኔን ግን ጆሮዬ ሥር ተጠግተው «ዶሮዋ አይደለችም ለካ» አሉኝ።

ከዚያ ግምገማው መጣ። እኔ የአመለካከት ችግር ሆንኩ፤ ያለ ፈቃድ የሕዝብ አገልግሎት አቁሜያለሁና። ጋሽ ጌታቸው የክህሎት ችግር ሆኑ። ኩባንያው በትብብሩ ምስጋና ተቸረው። ስም የሚገለበጥበትን አንዲት መስመር አስተካክሎ ቦታውን ማስፋት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ብለምን የሰማኝ የለም። በምትኩ ለሁሉም ደብዳቤ ተበተነ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሲስተሙ ላይ ለሟች ምሕረት መለመን በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው። የመጀመሪያው ማስታወቂያም አልተነሳም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተለጥፈው ከረሙ። ጋሽ ጌታቸው ትእዛዙን አከበሩ። ባዶ ስም ይጽፉና በያንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ ቆም ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔና ሀያት ደግሞ አለቆች ስብሰባ በገቡ ቁጥር የቀሩትን ሴቶች መዝገብ አንድ በአንድ በዚያው መንገድ አስከፈትን። ስብሰባ ብዙ ስለነበር ሥራው ቶሎ አለቀ።

እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ወጣሁ። ዛሬ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ሌሎች የጻፉትንም አርማለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ነገ አንዱ መስኮት ላይ ሲስተሙ እምቢ አለ ስትባሉ እባካችሁ ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ ኃጢአታችሁን አትቁጠሩ። እናንተን የሚያውቅ ሲስተም የለም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቦታ አጥብቦባችኋል፣ ሌላው ደግሞ ላለመጠየቅ ሲል ጥፋቱን በእናንተ ላይ አሳብቧል። የቱ ጋ ነው የቆመው በሉ። አያውቁም፤ ግን ጠይቁ።

አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች የኔን ሥራ ሲያዩ ይስቃሉ። ለስም የምተወው ቦታ ከልክ ያለፈ ነው፣ ሰው እስከ ቅድመ አያቱ ቢጠራ እንኳ አይሞላም ይሉኛል። ለምን ይሄን ያህል ሲሉኝ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው።

«ሰው ይሞታላ» እላቸዋለሁ።